በረንዳውን ለማገዶ

ወገኖቼ፣ በመጋቢት 2016 ፒያሳ ሲፈርስ ስለ አንድ ቤት ያየሁትን ይቅር ማለት አቃተኝ።

ባለ አንድ ፎቅ ነበር። ታችኛው ድንጋይ፣ ላይኛው እንጨትና ጭቃ፤ መንገዱን የሚያይ ረጅም የእንጨት በረንዳ ነበረው። የጣሪያው ጠርዝ ዙሪያውን እንደ ዳንቴል በተፈለፈለ ሳንቃ ተከቧል። አርመኖችና ህንዶች ከኛው አናጢዎች ጋር አራዳን ሲያቆሙ የተዉልን ዓይነት ሙያ ነው። እስካቫተሩ ምሰሶው ሥር ገብቶ ሽቅብ ሲገፋው ሳንቃው ተንጣጣ፤ በረንዳው ግን ዘመም ብሎ ቆመ። ሰው ሳቀ! አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ደረጃውን እንኳ በእጅ እንፍታው፤ ጽድ ነው» አሉ። ጊዜ የለም ተባሉ። ሲመሽ ያ ሳንቃ ተፈልጦ፣ እየታሰረ ለማገዶ ይሸጥ ነበር። ገዢም አላጣ።

አንጀቴን ያሳረረው ማሽኑ አይደለም። አጠገቤ የቆመ ጎረምሳ «ተገላገልን፤ አሁን ዘመናዊ ሕንፃ ይገባበታል» ሲል፣ ዙሪያውን የነበረው ሁሉ «እውነቱን ነው» ማለቱ ነው።

እውነቱን ነው? ቤቱ እንደ አብዛኛው የሰፈሩ ቤት በ1967ቱ አዋጅ ተወርሶ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ቀበሌው አልጠገነው፣ ተከራዩም «የኔ አይደል» ብሎ ተወው። እኛም ሥሩ ማኪያቶ እየጠጣን ቀና ብለን አላየንም። ወደ 50 ዓመት አበስብሰነው ሲያበቃ «አርጅቷል» ብለን ፈረድንበት። በጋራ ሽንት ቤት ሲሰለፍ የኖረ ሰው በመልቀቁ ደስ ቢለው አልወቅሰውም። የምወቅሰው ቆሞ የሳቀውን ነው።

ዘመናዊ ጠላሁ እንዳትሉኝ። በ1953 የተመረቀውን፣ አርክቴክቱ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈውን አፍሪካ አዳራሽ ግቡና እዩ። ዘመናዊ ነው፤ የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ግን ውስጡ ይዟል። የዛሬው ፎቃችን ፀሐይ ሲወጣ ሰው የሚያፍን መስታወት ይለብስና፣ እፍረቱን ሊሸፍን ደጃፉ ላይ ጥለት ይሳልበታል። ያንን «ባህላዊ» እንለዋለን። አይ እኛ!

ደክሞኛል። ቢሆንም ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 ከተቃጠለ በኋላ ተጠግኖ ዛሬም እንግዳ ይቀበላል፤ እንጨት ይጠገናል ማለት ነው። የሕንፃ ትምህርት ቤት ልጆች ሜትር ይዘው የሰፈራችሁን አሮጌ ቤት ሊለኩ ሲመጡ አታባርሯቸው። መሰላሉን ያዙላቸው፤ አንድ ሁለቱ ይተርፍ ይሆናል።