ማስተካከያ፦ እንቁላሏን ሆርሞኑ በቀጥታ አይቀሰቅሳትም

ባለፈው ስለ እንቁላል ሕዋስ መብሰል (ለፅንስ ስለሚያዘጋጇት ሁለት ክፍፍሎች) ስጽፍ ሁለት ቦታ ተሳስቻለሁ። አንደኛው ከበድ ይላል።

«ኤልኤች የተባለው ሆርሞን እንቁላሏ ላይ አርፎ ይቀሰቅሳታል» ብዬ ነበር። አይደለም። ሆርሞኑን የሚቀበሉት በዙሪያዋ ያሉት የፎሊክል (እንቁላሏን የያዘው ከረጢት) ሕዋሳት ናቸው። እንዲያውም ክፍፍሏን እንዳትቀጥል አስተኝተው የሚያቆዩአት እነዚሁ ጎረቤቶቿ ናቸው። ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለ ትንሽ ሞለኪውል ያቀብሏታል። እሱ ደግሞ በውስጧ ያለው ሳይክሊክ ኤኤምፒ እንዳይፈርስ ያደርጋል። ሳይክሊክ ኤኤምፒው እስካልቀነሰ ድረስ ክፍፍልን የሚያስጀምረው ሲዲኬ1 የተባለ ፕሮቲን እጁ ታስሮ ይቀመጣል። ኤልኤች ሲመጣ የሳይክሊክ ጂኤምፒው አቅርቦት ይቀንሳል፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒውም ይፈርሳል። ያኔ ሲዲኬ1 ሳይክሊን ቢ ከተባለው አጋር ፕሮቲኑ ጋር ሆኖ ሥራ ይጀምራል፤ የኒውክሊየሱ ሽፋንም ይፈርሳል።

ማስረጃው ደስ ይላል። በ1935 እ.ኤ.አ. ፒንከስና ኤንዝማን የተባሉ ተመራማሪዎች የጥንቸል እንቁላሎችን ከፎሊክላቸው አውጥተው ለብቻቸው ሲያስቀምጧቸው፣ ያለ ሆርሞን በራሳቸው መብሰል ጀመሩ። ጠባቂዎቹ የሉማ!

ሁለተኛው ስህተት፣ «ከኦቫሪ (ከእንቁላል ማመንጫው) ስትወጣ ክፍፍሏን ጨርሳለች» ያልኩት ነው። በሰውም በአይጥም ሁለተኛው ክፍፍል መሃል ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ኢሚ2 የተባለ ፕሮቲን ሳይክሊን ቢ እንዳይፈርስ ይከላከላል፤ እሱ ካልፈረሰ ደግሞ ክፍፍሉ አያልቅም። የወንዱ ዘር ገብቶ በውስጧ ካልሲየም እስኪያንቀሳቅስ ድረስ እዚያው ናት። የውሻ እንቁላል ግን ለየት ትላለች፤ ከኦቫሪ የምትወጣው የመጀመሪያውን ክፍፍል እንኳ ሳትጨርስ ነው።