ጋሼ፣ የኅዳር በሽታን ያጠፋው ጭስ አይደለም

ጋሼ፣ «በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን ያጠፋው የቆሻሻ ጭስ ነው፤ ለኮሮናም ያው ነበር መድኃኒቱ» ያሉትን አነበብኩ። እኔም ደብረ ብርሃን ሳድግ ኅዳር 12 ከሰፈር ልጆች ጋር ቆሻሻ ሰብስቤ አጥኛለሁ። ግን ይህን ማረም አለብኝ።

የኅዳር በሽታ ያኔ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚያልፈው በሳልና በትንፋሽ ነው እንጂ ከቆሻሻ አይነሳም። ጭስ ቫይረሱን አይገድለውም። ወረርሽኙ የበረደው በአብዛኛው ታመው የተረፉት ሰዎች ሰውነት በሽታውን መቋቋም ስለቻለ ነው። አዲስ አበባ ላይ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ራስ ተፈሪም ታመው ነው የዳኑት።

በሽታው በየአገሩ ከሌላው ጉንፋን በባሰ የጨረሰው ጎልማሳውን ነበር። ይህን ሳስብ ሆዴ ይላወሳል። ኅዳር የአጨዳ ወር ነው። የደረሰ ገብስ ማሳ ላይ ቆሞ አጫጁ ሲወድቅ፣ ሐዘኑ ሳያልቅ ጎተራው ባዶ ይሆናል። ወረርሽኝ ጤናንና ኑሮን አንድ ላይ የሚመታው እንዲህ ነው።

ደግሞ ጭሱ ራሱ ይጎዳል። በብርዳችን ምክንያት ቤት ዘግተን ኩበት የምናነድ ሰዎች ነን። የእናቶቻችን ሳል ከዚህም ይመጣል። አሁን የሚቃጠለው ቆሻሻ ላይ ፌስታሉም ተጨምሯል፣ መርዝ ነው።

ሰፈር ማጽዳቱን እንቀጥል፣ ጋሼ። የሚያስል ሰው ካለ ግን አፉን ይሸፍን፣ መስኮቱም ይከፈት።