እታለም ለማን ትጩህ?

ደምበጫ አጠገብ ያለችው ታላቅ እህቴ ሰሞኑን ደውላ «ወንድምዓለም፣ የእማዬን የግፊት ኪኒን ሁለት ዶሮ ሸጬ ገዛሁት» አለችኝ። «መድንሽስ?» አልኳት። «መድኑማ አለ። የሌለው መድኃኒቱ ነው። ከውጭ ግዙ አሉን።»

ከውጭ ግዙ! ይቺ ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች።

እታለም የጤና መድን መዋጮዋን አንድም ዓመት አሳልፋ አታውቅም። በቆሎው ገብቶ ትንሽ ሲሸጥ መጀመሪያ የሚነሳው የመድኑ ነው። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ትይዘዋለች። ስሄድ አሳይታኛለች፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ ማኅተሙ ግን አንድም ዓመት አልጎደለም። ጎጃም ደግሞ ለዚህ ነገር አዲስ አይደለም። 2003 ዓ.ም. ላይ ሙከራው በ13 ወረዳዎች ሲጀመር አንዱ ደቡብ አቸፈር ነበር። መንግሥት ድጎማ ይጨምርበታል፤ ለድሃ ድሃው ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። ሥርዓቱ ሲታሰብ እንዴት ደስ ይላል!

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ጥቅምት 2018 መጨረሻ ላይ እዚህም ጉድ አይተናል። የመንግሥት በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ 42 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚበላበት የምግብ ድጎማ ካርድ ሳይሞላ የፈረንጆቹ ወር ገባ። ሱቅ ውስጥ ከፊቴ የነበረች እናት ካርዷ እምቢ ሲላት ወተቱን መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ልጇ ወተቱን እያየ ነበር። አንጀቴን በላኝ።

ግን ዝም ያለ ሰው አልነበረም። ክልሎች የፌዴራሉን መንግሥት ከሰሱ። ሮድ አይላንድ ያለ ዳኛ «ከመጠባበቂያው ክፈሉ» ብሎ አዘዘ። ሰው ለመረጠው እንደራሴ ስልክ ይመታል፣ ይቆጣል፣ ቲቪው ሌላ ወሬ የለውም። ኅዳር 3 በጀቱ ተፈረመ፣ ካርዱም ተሞላ።

የውጭ እርዳታ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ጥር 2017 ላይ አሜሪካ እርዳታዋን ስታቆም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ገደማ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። የጎጃም ገበሬ ለዋሽንግተን ምን ብሎ ይደውል? እሺ፣ ሰጪው እጁን ሰበሰበ፤ አይከሰስም።

የእታለም ግን እርዳታ አይደለም! በበቆሎዋ የከፈለችው ነው። መንገድ እንደሚዘጋ፣ መድኃኒት በሰዓቱ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ቢሆንም ለከፈለች ሰው «ዛሬ የለም፣ በዚህ ቀን ይመጣል፣ ከውጭ የገዛሽበትን ደረሰኝ አምጪ» የሚል አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? እዚያ ጤና ጣቢያ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ምን ታድርግ፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። እታለምን ለወረዳው ሂጂ ንገሪ ብላት «ሄጄ ማንን ልጠይቅ?» አለችኝ። እኔም የምነግራት ስም የለኝም።

«ታዲያ ዘንድሮ ታሳድሺዋለሽ?» አልኳት።

«እማዬ ሌሊት ብትወድቅብኝስ? አሳድሰዋለሁ እንጂ» አለች።