ፈተናው ሳይቀርብ የሚሰጥ ማርክ

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ሠላሳዎቹ የአሜሪካ ታላላቅ የቤዝቦል ቡድኖች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከኮሌጅ ወጣቶችን በየተራ የሚመርጡበት፣ ድራፍት የሚባለው ሥነ ሥርዓት ይካሄዳል። በማግስቱም፣ የተመረጡት ልጆች የእንኳን ደስ ያለህ ስልክ አንስተው ሳይጨርሱ፣ ማርክ ሰጪዎቹ ሥራቸውን ይጀምራሉ። አንዱ ቡድን ኤ ያገኛል፣ ሌላው ቢ ፕላስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሲ ማይነስ ይሰጠውና ደጋፊዎቹ ሐዘን ይቀመጣሉ። ማርክ የተሰጠበት ልጅ ለቡድኑ አንዲት ኳስ አልወረወረም፣ አንዲት ኳስ አልመታም፣ ብዙውን ጊዜም ውል እንኳ ገና አልፈረመም። ወረቀቱ ሳይታደል የሚታረም ፈተና ከዚህ ሌላ አላውቅም፤ ያም ሆኖ በውጤቱ ተበሳጭቶ አቤት የሚል ደጋፊ ጠፍቶ አያውቅም።

ድራፍቱ በ1965 ሲጀመር (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሐሳቡ ሀብታም ቡድኖች ገንዘብ እየረጩ ጎበዝ ጎበዙን ልጅ እንዳይጠቀልሉት ማገድ ነበር። ስለዚህ በቀደመው ዓመት ክፉኛ የተሸነፈ ቡድን ቀድሞ እንዲመርጥ ተደረገ። አንዳንድ ቡድኖችም ሽንፈት እንዲህ የሚያሸልም ከሆነ ብለው መሸነፍን እንደ ሙያ ስለያዙት፣ ከ2023 ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ተራዎች በዕጣ ይወሰናሉ። ዛሬ ድራፍቱ 20 ዙር ሲኖረው ከ600 በላይ ልጆች ይመረጡበታል። ከእነዚህ መካከል ለታላቁ ሊግ የሚበቁት ጥቂቶቹ ሲሆኑ፣ እነርሱም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ማይነር ሊግ በሚባለው የታችኛው ደረጃ፣ በትንንሽ ከተሞች፣ በአውቶቡስ እየተንገላቱ ዓመታት ማሳለፍ አለባቸው። እንግዲህ የዘንድሮው ማርክ ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ማርኩን ማንም በማያስታውስበት ጊዜ ነው፤ ለማርክ ሰጪ ከዚህ የበለጠ ምን ምቾት አለ?

ልጆቹን በየሜዳው እየዞሩ የሚያዩት መልማዮች ግን ሊናቁ አይገባም፤ የእነርሱ ሥራ እውነተኛ ሥራ ነው። ሰዓት ይዘው ሩጫ ይለካሉ፣ ራዳር ደግነው የውርወራ ፍጥነት ይመዘግባሉ፣ ከዚያም የልጁን መምታት፣ በኃይል መምታት፣ መሮጥ፣ ኳስ መያዝና መወርወር ከ20 እስከ 80 በሚደርስ መለኪያ ይመዝናሉ። በዚህ መለኪያ 50 መካከለኛ ሲሆን ዜሮ የሚባል ነገር የለም፤ ፈጽሞ የማይችል ሰው እንኳ 20 ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ይህ ደንብ በእኛ ማትሪክ ዘመን ቢኖር ኖሮ ስንቱ ቤት በሰላም ባደረ ነበር። መልማዩ ታዲያ በቁጥር ብቻ አይወሰንም። የልጁ ትከሻ ሰፊ መሆኑን፣ ቁመቱ ገና መጨመር አለመጨመሩን፣ አባቱ በዚያ ዕድሜው ምን ያህል ይሆን እንደነበር ያጠናል፤ የጥንቶቹ መልማዮችማ «ፊቱ ደስ ይላል» ብለው በሪፖርታቸው ይጽፉ ነበር። ልጃቸውን ለመዳር ሰባት ቤት የሚቆጥሩ፣ የአማቹን አያት አረማመድ ሳይቀር የሚጠይቁ የአገራችን ሽማግሌዎች ከነዚህ ሰዎች ጋር ቢገናኙ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም።

የማለዳው ማርክ ሰጪ ግን ሌላ ሰው ነው። ከ600 የሚበልጡትን ልጆች አብዛኞቹን በዓይኑ አላያቸውም፤ በእጁ ያለው ከድራፍቱ በፊት የተዘጋጀ የደረጃ ዝርዝር ነው። ቡድኑ ከዝርዝሩ ላይ በአሥረኛነት የተቀመጠውን ልጅ በአሥራ አምስተኛው ተራ ካገኘ «ርካሽ ዕቃ ገዛ» ተብሎ ኤ ይሰጠዋል። በአርባኛነት የተቀመጠውን በአሥራ አምስተኛው ተራ ከወሰደ ደግሞ «ምን ነካቸው?» ተብሎ ሲ ይከናነባል። ስለዚህ ማርኩ የሚለካው የልጁን ችሎታ ወይም የቡድኑን ብልሃት ሳይሆን፣ ቡድኑ ለማርክ ሰጪው ዝርዝር ምን ያህል እንደታዘዘ ነው። ቡድኖቹ ግን የራሳቸው ዝርዝር፣ የራሳቸው ሐኪምና በተለይም የራሳቸው ሒሳብ አላቸው።

ሒሳቡ ምን እንደሚሠራ ሂውስተን አስትሮስ በ2012 አሳይቷል። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች ተመራጮቹ የሚያወጣው የፊርማ ገንዘብ ጣሪያ ተበጅቶለት ነበር። አስትሮስ በአንደኛው ተራ ካርሎስ ኮሬያ የሚባለውን የፖርቶ ሪኮ ልጅ ወስዶ፣ ለቦታው ከተመደበው 7.2 ሚሊዮን ዶላር ይልቅ በ4.8 ሚሊዮን አስፈረመው፤ በተረፈውም ገንዘብ ብዙ ስለሚጠይቅ ሌሎች ያለፉትን ላንስ መከለርስን በ41ኛው ተራ አንስቶ 2.5 ሚሊዮን ከፈለው። የመጀመሪያውን ስም ብቻ አይቶ ማርክ የሚሰጥ ሰው ይህን ግብይት ሊያየው አይችልም፤ ከመርካቶ የተመለሰች ሴት ግን ወዲያው ይገባታል። ሁለቱም ልጆች በ2017 ዋንጫ ሲነሣ ነበሩ፤ ያ ዋንጫ ተቃራኒ ቡድን ለወርዋሪው የሚሰጠውን የእጅ ምልክት በካሜራ በመስረቅ ቅሌት ስሙ የጎደፈ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በድራፍት ማርክ ውስጥ የጸባይ ነጥብ የለም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበት የኩፐርስታውን ዝና አዳራሽ የ2016ቱ ቅበላ ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ተጫዋቾች አብረው ወደ አዳራሹ ገቡ። አንደኛው በ1987 ሲያትል ከሁሉ አስቀድሞ በአንደኛ ተራ የመረጠው ኬን ግሪፊ ጁኒየር ሲሆን፣ በድራፍት አንደኛ ከወጡት ሁሉ እዚያ ለመድረስ የመጀመሪያው እርሱ ነበር። ሁለተኛው ማይክ ፒያሳ ሲሆን በ1988 ዶጀርስ የመረጠው በ62ኛው ዙር፣ በ1,390ኛ ተራ ነበር። እርሱም ቢሆን የተመረጠው አባቱ የቡድኑ አሠልጣኝ የቶሚ ላሶርዳ ወዳጅ ስለሆነ፣ ለወዳጅ ውለታ ሲባል እንጂ ማንም መልማይ አልጮኸለትም። እኛ በዘመድ የገባ ሰው ምን እንደሚሠራ ስለምናውቅ ከንፈራችንን እንመጥ ነበር፤ ሰውየው ግን ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ የወርዋሪውን ኳስ የሚቀበል ተጫዋች) ሆኖ 396 ሆም ረን (መቺው ሜዳውን ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ረጅም ምት) በመምታት ከሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ የሚበልጠው እስከ ዛሬ አልተገኘም። በ1988 ክረምት የዶጀርስን ድራፍት ያረመ ሰው 62ኛውን ዙር አገላብጦ አየው ቢሉኝ አላምንም።

እንግዲህ ማርክ ሰጪዎቹ ይህ ሲነገራቸው «ጎበዝ ቡድን ግን ያውቃል» ይላሉ፤ ምስክር አድርገው የሚያቀርቡትም ማይክ ትራውትን ነው። በ2009 ኤንጅልስ በ25ኛ ተራ የመረጠው ይህ ልጅ የዘመኑ ታላቅ ተጫዋች ወጣው። ነገር ግን ኤንጅልስ በዚያው ምሽት 24ኛውም ተራ የእርሱ ነበር፤ በዚያም የወሰደው ትራውትን ሳይሆን ራንዳል ግሪቹክን ነው። ግሪቹክም ለብዙ ዓመታት በታላቁ ሊግ የተጫወተ ደህና ሰው ነው፤ ነገር ግን ያወቀ ቡድን፣ የሚያውቀውን ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ እጁን እስኪዘረጋ አያቆየውም ነበር። አሁን ያ ድራፍት እንደገና ቢካሄድ እያሉ ትራውትን አንደኛ የሚያስቀምጡ ሰዎች በዝተዋል፤ መልሱ ከወጣ በኋላ ሁሉም ሰው አንደኛ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ በ1966 ሜትስ ስቲቭ ቺልኮት የሚባል ካቸር አንደኛ መርጦ፣ ቀጣዩ ቡድን ሬጂ ጃክሰንን አነሣ። ቺልኮት ትከሻው ተጎድቶ ታላቁን ሊግ ሳያይ ቀረ። እስከ ዛሬ ድረስ የመጥፎ ምርጫዎች ዝርዝር ሲወጣ የእርሱ ስም ከላይ ይሰፍራል፤ አንድ የተጎዳ ትከሻ የስንት ሰው ቀልድ እንደሆነ እርሱ ያውቃል። በ2013 አንደኛ የተመረጠው ማርክ አፔልም ጨዋታውን አቁሞ እንደገና ተመልሶ፣ በ2022 በ30 ዓመቱ ለፊላደልፊያ ሲወረውር አየነው። ይህን ምን ብሎ ማረም እንደሚቻል የነገረኝ ሰው የለም።

የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ ቤዝቦልን ከብዙ ዓመት ቸልታ በኋላ መከታተል የጀመረው የከተማው ቡድን ናሽናልስ በ2009 እና በ2010 በተከታታይ አንደኛ የመምረጥ ዕድል ባገኘበት ዘመን ነው ብል፣ ምስክሬ ታክሲ ሲነዱ ደጋፊ እያደረሱና እየመለሱ ጨዋታውን ያወቁ አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ሽማግሌ ናቸው። ማርክ ይወዳሉ። ስለ 2009ኙ አንደኛ፣ ስለ ወርዋሪው ስቲቨን ስትራስበርግ፣ «ጋሼ፣ ለእርሱ እንግዲህ ምን ይሰጡታል?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ መቼ ላይ ቆመህ ነው የምትጠይቀኝ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ከጥያቄዬ የተሻለ ነበር። በሰኔ 2010 ልጁ በመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺ በውርወራው ብቻ ሲያስወጣ ከተማው ሁሉ ኤ ፕላስ ሰጠው። በዚያው ዓመት ክንዱ ተቀደደና ሲ ሆነ። በ2012 ክንዱን ለማትረፍ ሲባል ከወሳኞቹ ጨዋታዎች በፊት እንዲያርፍ ተደርጎ ቡድኑ በመጀመሪያው ምዕራፍ ሲሸነፍ፣ ማርኩ ከልጁ ላይ ተነሥቶ በአለቆቹ ላይ ወረደ። በ2019 የመጨረሻው ሻምፒዮና ኮከብ ሆኖ ዋንጫውን ሲያመጣ ጋሼ ለራሳቸው ጭምር ኤ ሰጡ። ከዚያ የሰባት ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ ከፈረመ በኋላ ስምንት ጨዋታ ብቻ ወርውሮ በ2024 ጡረታ ወጣ። ጋሼ ይህን ሁሉ በጣታቸው ከቆጠሩ በኋላ «የመረጠው ሰው ጎበዝ ነበር፣ ያስፈረመው ሰው ቸኩሏል፣ ክንዱ ደግሞ የማንም አልነበረም» ብለው ደመደሙ፤ በፊደል ግን ሊያስቀምጡት ፈቃደኛ አልሆኑም። ስለ 2010ሩ ብራይስ ሃርፐር ስጠይቃቸው ደግሞ ተቆጡ፤ ምክንያቱም ልጁ ሁሉ የተነበየለትን ሆኖ፣ በ2019 መጀመሪያ በ330 ሚሊዮን ዶላር ፊላደልፊያ ሄዶ፣ ዋንጫው በዚያው ዓመት እርሱ በሌለበት ዋሽንግተን ገባ። «ትክክለኛው ልጅ፣ ትክክለኛው ምርጫ፣ ዋንጫው ሌላ ቀን» አሉ።

በ2025 ናሽናልስ እንደገና አንደኛ ተራ ደረሰው። ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ ተባረሩና በምትካቸው በጊዜያዊነት የተሾሙት ሰው ኢላይ ዊሊትስ የሚባል የ17 ዓመት የኦክላሆማ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከል ተጫዋች) መረጡ። አባቱ ሬጂ ዊሊትስ ራሳቸው በታላቁ ሊግ የተጫወቱ ናቸው። ብዙ ዝርዝሮች ሌላ ልጅ ይቀድማል ብለው ስለነበር በማግስቱ የሚሰጠው ማርክ ምን እንደሚመስል መገመት አያስቸግርም። ጋሼ ግን ወዲያው «ኤ ማይነስ» አሉ።

«ኤውስ ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«አባቱን አውቃቸዋለሁ፤ ሯጭ ነበሩ።»

«ማይነሷስ?»

«በእናቱ በኩል ገና ስላላጣራሁ ነው።»