የተፋቀ መዝገብ

ጊዮርጊስ አካባቢ እህቴ ቤት ነኝ። ቶናው እየተቀዳ ሳለ ልጇ ከቨርጂኒያ ደወለ። ስፒከር ላይ አድርጋ ስልኩን ረከቦቱ ጎን አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርህ» አለኝ። የመንግሥት ኮንትራት ያለው ድርጅት ሥራ ሰጥቶት የሴኩሪቲ ክሊራንስ፣ ማለትም የመንግሥት ምስጢር የማየት ፈቃድ፣ ፎርም እየሞላ ነው። የዛሬ አራት ዓመት፣ በ21 ዓመቱ፣ ክለብ ደጃፍ ጠብ ውስጥ ገብቶ አንድ ሌሊት ታስሯል። ክሱ ተነሣ፤ ጠበቃውም አመልክቶ መዝገቡን አስፋቀለት። ልጻፈው ወይስ ልተወው ነው ጥያቄው።

እኔ አፌን ሳልከፍት እናቱ ቀደመችኝ። «ዳኛ የፋቀውን አንተ ምን ቆርጦህ ትጽፋለህ? በገዛ እጅህ ስምህን ልታጠፋ?»

ኤስኤፍ 86 የሚባለውን ይህን ፎርም እኔም ሞልቼዋለሁ። ክፍል 22 ያለፉትን ሰባት ዓመታት እስርና ክስ ይጠይቃል፤ ክሱ ቢነሣም፣ መዝገቡ ቢፋቅም ጻፍ ይላል። ፍርድ ቤት የፋቀው ለአከራይና ለተራ ቀጣሪ ነው። አጣሪዎቹ አሻራህን ይዘው ስለሚፈልጉ ሊያገኙት ይችላሉ። ያን ጊዜ የአንድ ሌሊቱ ጠብ ይቀርና ውሸቱ ዋና ጉዳይ ይሆናል፤ አውቆ መዋሸት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። እውነቱን ከጻፈ ግን ዕድሜው፣ ያለፈው ጊዜ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ጠባዩ ሁሉ አብሮ ይመዘንለታል። ያለምንም ማመንታት ጻፈው አልኩት።

እህቴ ዝም አለች። ዝምታዋ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ልቤን ነካኝ።

በ1998 ዓ.ም. ከምርጫው ግርግር በኋላ፣ ከዚህ ከተማ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች እየታፈሱ ደዴሳ ወደሚባለው የጦር ካምፕ ሲጋዙ፣ ባለቤቷም በዚያው ሰሞን ታፍሶ ነበር። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። እሱ ግን ከሳምንታት በኋላ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ ያለ ክስና ያለ አንዲት ወረቀት ተመለሰ። ልጁ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር፤ አባቱን አላወቀውም፣ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቷ «ታስረው ያውቃሉ?» የሚል ፎርም ሁሉ ላይ «የለም» እያለ ጻፈ። ውሸታም ልለው አልችልም። የታሰረበትን ምክንያት የነገረው የለም፤ እሱስ ምን ብሎ ያስረዳ? አሻራ ሰጥተን የምናወጣው ከወንጀል ነፃ ወረቀትም ቢሆን የሚነግርህ ሪከርድ እንዳለና እንደሌለ ነው እንጂ «እንዲህ ሆኖ ነው» ብለህ የምታስረዳበት ቦታ የለውም። እውነት ተናግሮ የሚሰማው ያገኘ ሰው ቢኖር እህቴ ልጇን ደብቅ ትለው ነበር? አይመስለኝም። ውጭ የምንኖር ሰዎች «አገር ቤት ሁሉም ይዋሻል» ስንል የምንዘነጋው ይኼንን ነው።

ማታ ልጁ የጻፈውን ላከልኝ። ስድስት መስመር ናት፤ ቦታው፣ የያዘው ፖሊስ፣ የክሱ ዓይነት። ቃል በቃል ተረጎምኩላት።

«ክሱ መነሣቱንስ ጽፏል?»

«ጽፏል።»

«የተነሣበትን ቀንም?»

«ቀኑንም።»

«እስቲ እሱን ድገምልኝ» አለች።