የዘጠኝ ልጆች ቤት በማን ትከሻ ይቆማል?

ወሎ ውስጥ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ከዚያም በላይ የወለዱ ባልና ሚስት በተነሱ ቁጥር ወሬው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ወላድ በድባብ ትሂድ» ብሎ ይመርቃል፤ ልጅ የፈጣሪ ስጦታ ነው፣ እሱ የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋ አያድርም፣ ቅሬው፣ ማለትም የቀብር ዕድሩ፣ ሲጠራም ቃሬዛ የሚሸከመው ሰው እንጂ ብር አይደለም ይላል። ሌላው ወገን፣ ብዙ ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በወር ደመወዝ የሚያድረው፣ «የማያሳድጉትን ለምን ይወልዳሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዳንዱም ጨከን ይልና የአገሩን ድህነት ሁሉ በእነዚህ ወላጆች ላይ ይደፈድፈዋል። ሁለቱም ሲከራከሩ የሚታያቸው አባወራው ነው፤ የሚመረቀውም የሚወቀሰውም እሱ ነው። የቤቱን ሸክም በየቀኑ የምትሸከመው እናትና ከእሷ ቀጥላ የበኩር ሴት ልጅ ግን ስማቸው እምብዛም አይነሳም። እኔ እንደማምነው ስለ ብዙ ልጅ የሚደረገው ክርክር መጀመር ያለበት ከእነሱ ነው።

ከወቃሾቹ ልጀምር፤ ምክንያቱም የእነሱ ንግግር የተማረ ስለሚመስል ስሕተቱ ቶሎ አይታይም። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከስድስት ልጆች አንዱ ማለት ነው። ሦስት ልጆች ለወግ ለማዕረግ በቅተውለት ማየት የሚፈልግ ገበሬ ሦስት ብቻ ወልዶ ሊያርፍ አይችልም ነበር። ከብት የሚጠብቀው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ በአጨዳና በአረም ጊዜ የሚደርሰው ልጅ ነው፤ ሲያረጅ የሚጦረው፣ ሲሞት የሚቀብረውም ልጅ ነው። ጡረታ፣ የባንክ ቁጠባና መድን በማያውቀው አገር ውስጥ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ከምርቃትም በላይ የኑሮ ስሌት ነበር። ይህን ስሌት አላዋቂነት የሚለው የከተማ ሰው፣ አያቱ በዚያው ስሌት ባይኖሩ ኖሮ እሱ ራሱ ዛሬ እንደማይገኝ ይዘነጋዋል።

በወሎ ደግሞ ይህ ወቀሳ የቆየ ቁስል ይነካል። ሁለቱ ታላላቅ የረኀብ ዘመናት፣ የ1965ና 66 እንዲሁም የ1977 ዓ.ም.፣ በተነሱ ቁጥር «ሕዝቡ ከመሬቱ በላይ በዝቶ ነው» የሚል ማብራሪያ ዛሬም ድረስ ይሰማል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን የመጀመሪያውን ረኀብ ሲመረምር ያገኘው ነገር ግን ለዚህ ማብራሪያ አይመችም፤ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፣ ሰው እየረገፈ እያለም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የተጫነ እህል ነበር። ድርቁ የገበሬውን ምርትና ከብት ወሰደበት፤ ምርቱ ሲጠፋ እህሉ ገበያ ላይ ቢኖርም የሚገዛበት አልነበረውም። የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ደበቀው። ደርግም ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ወሎና ትግራይ በጠኔ ሲያልቁ፣ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በዓል በድምቀት ያከብር ነበር። ከዚያ የመጣው ሰፈራ 600,000 ያህል ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ያጓጓዘ ሲሆን ከእነዚህ የሚበዙት ወሎዬዎች ነበሩ። ጦርነቱን፣ ድርቁንና የመንግሥታቱን ዝምታ ትቶ ጥፋቱን በወላድ እናቶች ማሕፀን ላይ መጣል በታሪክም በሕሊናም የሚያስጠይቅ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን መራቂዎቹን እንዲሁ ማለፍ አልችልም።

የሃይማኖቱን ነገር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ፤ አንድ ሁለት ነገር ብቻ ላንሳ። «ልጆቻችሁን ድህነትን ፈርታችሁ አትግደሉ» የሚለው የቁርኣን አንቀጽ የሚናገረው ስለ ተወለደ ልጅ መግደል ነው፤ አራርቆ መውለድን ለመከልከል ሲጠቀስ ብሰማም፣ የነቢዩ ባልደረቦች ቁርኣን በሚወርድበት ዘመን ዘር ከማሕፀን ውጭ የማፍሰስን ዘዴ ይጠቀሙ እንደነበርና እንዳልተከለከሉ የሚናገረው የጃቢር ዘገባ የታወቀ ነው። እዚያው ቁርኣን ውስጥ እናቶች ልጆቻቸውን ሁለት ሙሉ ዓመት እንዲያጠቡ ተጽፏል። በክርስቲያኑ በኩል «ብዙ፣ ተባዙ፣ ምድርንም ሙሉአት» የሚለው ቃል ምድር ባዶ በነበረችበት ጊዜ የተነገረ ነው፤ አጽዋማቱን አክብሮ ከአልጋ ተለይቶ የሚኖር ባልና ሚስትም ሳያውቀው አራርቆ እየወለደ ነው። አንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሙሐመድና ገብረ ማርያም በሚገኙበት በወሎ ይህ ክርክር በሃይማኖት ተለይቶ አያውቅም፤ ሼሁ ከሚሉት ቄሱ የሚሉት፣ ቄሱ ከሚሉት ሼሁ የሚሉት ብዙ አይራራቅም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሦስተኛ ድምፅ ተጨምሯል፤ ቁጥር ኃይል ነው የሚል። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአማራ ክልልን ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ገደማ አድርጎ ሲያወጣ፣ ከተጠበቀው በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ ነገሩ በተወካዮች ምክር ቤት ሳይቀር አነጋግሯል። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም፤ ታቅዶ የነበረው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። የፌዴራሉ የድጎማ በጀት ቀመር ደግሞ የሕዝብ ብዛትን ያያል። ስለዚህ «መውለድ ማቆም ራስን ማጥፋት ነው» የሚለው ንግግር የሚያነሳው ቅሬታ ከባዶ የመጣ አይደለም። መልሱ ግን ትክክለኛ ቆጠራና ፍትሐዊ ቀመር መጠየቅ ነው፤ የቆጠራን ጉድለት ማሕፀን ሊሞላው አይችልም። ይህን ክርክር በየመድረኩ አጥብቀው ከሚያነሱት መካከል እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ያሏቸው የከተማ ሰዎች ናቸው፤ ዐሥረኛውን ልጅ እንድትወልድላቸው የሚጠብቁት ወገዲ ወይም ወረባቦ ገጠር ያለችውን ሴት ነው።

እንግዲህ ወደ እሷ እንመለስ። ዘጠኝ ልጆች ያሉበት የገጠር ቤት እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ ያየ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ልጅ ከተወለዱ በኋላ ሕፃን የምታዝለው እናት ብቻ አይደለችም። የሰባትና የስምንት ዓመቷ በኩር ታናሹን አዝላ ውኃ ትወርዳለች፣ እናቷ አራስ በሆነች ጊዜ ሁሉ ምጣዱ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት፣ ከትምህርት ቤት የምትቀረውም መጀመሪያ እሷ ናት። ታናሽ ወንድሟ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ እሷ አራተኛ ላይ ቆማለች። ከዚያ ሽማግሌ ይመጣል። የጋብቻ ዕድሜ 18 መሆኑን ሕጉ ቢደነግግም፣ ቤቱ የሚቀልበውን አንድ አፍ ለመቀነስ ሲባል የልጅቱ ዕድሜ በአባቷ አፍ በአንድ ሌሊት ሁለት ዓመት ሲጨምር ያልሰማ ወሎዬ የለም።

ካላገባች ወይም አግብታ ከፈታች ቀጣዩ መንገድ አረብ አገር ነው። ከሐርቡ፣ ከባቲ፣ ከሐይቅ፣ ከመርሳና ከቆቦ ዙሪያ ወደ ጅዳና ሪያድ ያልሄደች ልጅ የሌለችበትን ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። ወንዶቹ በባቲ በኩል አፋርን አቋርጠው፣ ከጅቡቲ ኦቦክ ጀልባ ተሳፍረው የመንን ያያሉ፤ ባሕሩ ያስቀራቸው ጥቂት አይደሉም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመላሾቹ የወሎ ልጆች ቁጥር ብዙ ነበር። ብዙዎቹም ተመልሰው ሄደዋል፤ ምክንያቱም በእነሱ ላይ የተንጠለጠለው ቤት የትም አልሄደም። የአባትየው ጎጆ ቆርቆሮ የሚለብሰው፣ ወንድሟ ወልዲያ ወይም ደሴ ቤት ተከራይቶ የሚማረው፣ በልግ በቀረበት ዓመት እህል የሚሸመተው በዚያች ልጅ ደመወዝ ነው። «ይኸው፣ ልጅ ሀብት ነው አላልናችሁም?» የሚለው መራቂ አልተሳሳተም፤ በእርግጥ ሀብት ሆናለች። እሷ ግን ሠላሳ ዓመቷን ስታልፍ የራሷ ቤት የላትም፣ ስትመለስም ለታናናሾቿ ገንዘብ መላክ በማቆሟ የምትወቀስ ናት። በወዳጃው፣ ማለትም በጸሎት ስብሰባው፣ እና በሠርጉ ላይ ስለ ብዙ ልጅ በረከት ሲወራ ይህ ሒሳብ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

በቂ ኑሮ ያላቸው፣ ሁለቱም ወደውና ተነጋግረው ሰባትም ዐሥርም የሚወልዱ ባልና ሚስት ቢኖሩ የማንም ጉዳይ አይደለም። እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ፤ እርስ በርስ የሚደጋገፉ፣ ሐዘንን ተካፍለው የሚያቀሉ፣ ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ። እንዲያውም በትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሰው ትዕግሥትና መካፈልን እንደሚያውቅ እኔም እመሰክራለሁ። ችግሩ «መረጡ» የሚለውን ለሁሉም ቤት ስንሰጠው ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ካገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 22 በመቶው አራርቀው ለመውለድ ወይም መውለድ ለማቆም ፈልገው ሳለ ምንም ዓይነት መከላከያ አይጠቀሙም ነበር። ከሚጠቀሙት ዘዴዎች ሁሉ በሰፊው ቀዳሚው በሦስት ወር አንዴ የሚሰጠው መርፌ ነበር፤ ካገቡት 23 በመቶው ይወስዱት ነበር። መርፌው ለምን እንደተወደደ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ብትጠይቁ ከሌላው ምክንያት ጋር አንዱን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነግሯችኋል፤ ባል አያየውም። ካርዷን ጤና ኬላው ውስጥ ትታ የምትሄድ ሚስት ያለችበት ቤት ዘጠኝ ልጅ ቢኖረው፣ ባልና ሚስቱ መረጡ ማለት ይከብዳል።

በተቃራኒው፣ ሰባተኛ ልጅ ፈልጋ የመጣች እናት በጤና ተቋም በር ላይ «አሁንም?» ተብላ የምትሸማቀቅ ከሆነ ያም ሌላ በደል ነው። አምባሰል ውስጥ ያለች እናት ልትጠየቅ የሚገባት አንድ ጥያቄ ነው፤ ምን ትፈልጊያለሽ?

ሴቶቹ ሲጠየቁ ምን እንደሚሉ ደግሞ ከአሁኑ መገመት ይቻላል። በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው አማካይ የልጅ ቁጥር በ1992 ዓ.ም. 5.9 ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 3.7 ሆኗል። በዚያው በ2008 አዲስ አበባ 1.8፣ ሶማሌ ክልል 7.2 ነበር። የ1985ቱ ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ ሲያቅድ የቀለዱበት ብዙዎች ናቸው፤ በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ 4.1 ደርሷል። ስብከትም ስድብም ይህን ያህል አያመጣም። የመጣው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መንደር ድረስ ስለገቡ፣ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ስለቆዩ፣ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በ2008 ዓ.ም. ከ1,000 ወደ 67ቱ ብቻ ማለትም ከ166 ወደ 67 ስለወረደ፣ ሁለት ጥማድ መሬት ለአምስት ወንድ ልጅ ጎጆ መውጫ ሲካፈል ምን እንደሚቀር ሁሉም በዓይኑ ስላየ ነው። አሁን በአንድ ቤት ዐሥር ልጅ ሲገኝ የሚወራለት ብርቅ እየሆነ በመምጣቱ ነው፤ ቀድሞ ማን ያወራለት ነበር?

ያልተለወጠው እርጅና ነው። የመንግሥት ሠራተኛውና የግል ድርጅት ተቀጣሪው ጡረታ አላቸው፤ የደላንታና የመቄት ገበሬ የለውም። ጧሪ እንዳያጣ ስለሚፈራ ሰው ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ብቻ ማውራት ከፍርሃቱ ግማሹን ሳይነኩ ማለፍ ነው፤ ፍርሃቱ እስካለ ድረስም ያችው በኩር ልጅ መድኑ ሆና ትቀጥላለች። ሌላ መንገድ እንዳለ ግን ወሎ ራሱ አይቷል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ጥቂት ወረዳዎች አንዱ ተሁለደሬ ነበር፤ ገበሬው ሳይታመም ለመታከሚያ ያዋጣል ብሎ ያመነ ሰው ጥቂት ነበር፣ አዋጥቷል፣ አሠራሩም ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሰፍቷል። ለአርሶ አደር የሚሆን የእርጅና ቁጠባም በዚያው መንገድ፣ በዓመት አንዴ ከምርት በኋላ በሚሰበሰብ መጠነኛ መዋጮና በመንግሥት ድጎማ፣ በአንድ ሁለት የወሎ ወረዳዎች ሊሞከር ይችላል። መዋጮ የመሰብሰብ ልምዱ በየቀበሌው አለ፣ ቅሬውም ለዘመናት ሲያደርገው የኖረው ነው፤ የሚጎድለው የክልሉ ምክር ቤት አጀንዳ አድርጎ ማንሳቱ ነው።