የወደቀችው ዝግባ ገቢ ናት ወጪ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጎጃም ውስጥ ከሞጣ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ አንዲት ትልቅ ዝግባ ወደቀች። መጥረቢያ አልነካትም። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብና ነፋስ ሲወርድ አደረና ንጋት ላይ መሬቱ ተንቀጠቀጠ አሉ። ሰው ወጥቶ ሲያይ ሥሯን ወደ ሰማይ አድርጋ ተጋድማለች።

እኔ በሦስተኛው ቀን ለዘመድ ተዝካር ሄጄ ደረስሁ። ቄሰ ገበዙን "አባ፣ ዕድሜዋ ስንት ይሆን?" አልኋቸው። "አያቴ ዲያቆን ሳሉም ይህችው ነበረች" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ሁሉ ስለ ጣውላ ሆነ። ግማሹ ለቤተ ልሔሙ በርና መስኮት፣ ግማሹ ለሽያጭ፣ ቅርንጫፉ ለሰንበቴ ማገዶ። አላዘኑም ማለቴ አይደለም። ግን በእኛ አገር ግዝት ያለበትን ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው እንጂ፣ በራሱ ጊዜ የወደቀ ዛፍ ሲሳይ ነው።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ሥራ ፈት ስለነበርሁ የግቢውን ዝግባዎች ቆጠርኋቸው። ክንዴን ዘርግቼ ማቀፍ ያቃተኝ 11 ናቸው። ቀጥሎ ቁመቴን የምታህል ዝግባ ፈለግሁ። አንድም የለች። ከ11 ሽማግሌ ሥር አንድ ልጅ አጣሁ።

ስለ ደንና ስለ አየር ንብረት ስናወራ ወሬያችን ሁለት ነው፤ መቁረጥና መትከል። ማንም ሳይነካው የሚሞተው ዛፍ ከሒሳቡ ውጭ ነው። ሰው ባልደረሰበት የሐሩር ክልል ደን ውስጥ ግን በየዓመቱ ከ100 ዛፍ አንድ ወይም ሁለት ያህሉ ይሞታል። ይህ የጤና ነው። አንዱ ሲወድቅ ብርሃን ይገባል፣ ለዓመታት በጥላ ውስጥ ተኮራምቶ የቆየ ችግኝ ሽቅብ ይመዘዛል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ዛፉ ሲያድግ ከአየር የሳበው ካርቦን ነው፤ አየር ላይ በጋዝ መልክ ሲበዛ ምድርን የሚያሞቀው። ምስጡና ሻጋታው ግንዱን ቀስ እያሉ ሲበሉት ካርቦኑ በብዙ ዓመታት ወደ አየር ይመለሳል፣ ጥቂቱም አፈር ውስጥ ይቀራል። የሚሞተውና የሚያድገው እስከተመጣጠነ ድረስ ደኑ ያከማቸውን እንደያዘ ይኖራል።

"ጎጃም ደጋ ነው፣ ከሐሩር ክልል ጋር ምን አገናኘው?" የሚል አይጠፋም። ጮቄ ተራራ ላይ ጋቢ ደርበን ብንንቀጠቀጥም፣ ከምድር ወገብ በ10 እና በ11 ዲግሪ አካባቢ ያለን ሰዎች ነን። ካርታው ከብርዱ ጋር አይማከርም።

ነገሩ የሚበላሸው ሞቱ ሲፈጥን ነው። ተመራማሪዎች ዛፎቹን አንድ በአንድ ቁጥር ይሰጧቸዋል፣ በደረት ከፍታ ዙሪያቸውን ይለካሉ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሰው ማን እንዳደገ፣ ማን እንደሞተ ይመዘግባሉ። ብልሃቱ ይኸው ነው፤ ሜትርና ትዕግሥት። በዚህ መንገድ በአማዞን የተሠራና እንደ ፈረንጆቹ በ2015 የወጣ ጥናት አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አሳየ። ማንም ያልነካው ደን በ2000ዎቹ ከአየር የሚስበው ካርቦን ከ1990ዎቹ ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ያህል ቀንሷል። ዋናው ምክንያት የዛፎቹ ሞት መጨመሩ ነው። በ2020 ደግሞ በ11 የአፍሪካ አገሮች 244 የደን ቦታዎችን ያካተተ ጥናት ወጣ። የአፍሪካው ደን እስከ 2015 ድረስ ለ30 ዓመታት ያህል ሳይወላውል ካርቦን ሲስብ ቆይቷል። ሆኖም እሱም መዳከም መጀመሩን የሚያመለክት ነገር ታይቷል። በሰሜን አውስትራሊያ ደኖች ደግሞ የዛፎች ሞት ከ1980ዎቹ ወዲህ በእጥፍ ጨምሯል፤ የተጠረጠረው አየሩ ነው። አየር ሲሞቅ ይጠማል። ሲጠማ ከቅጠሉ ይጠጣል።

የሚሞተው ማን እንደሆነም ለውጥ ያመጣል። በዓለም ዙሪያ 48 የደን ቦታዎችን ያነጻጸረ ጥናት፣ ከ100 ዛፎች አንዱ፣ ማለትም ግዙፉ፣ ከመሬት በላይ ካለው የዛፍ ክብደት ግማሹን ያህል ይዞ አግኝቶታል። ሞት ደግሞ ግዙፉን ይወዳል። በፓናማ ባሮ ኮሎራዶ በምትባል ደሴት ላይ ከሚሞቱት ትልልቅ ዛፎች ከመቶ 40 ያህሉን የሚገድላቸው መብረቅ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ሳነብ የእኛው አገር ክረምት ታወሰኝ። በጎጃም ሜዳ ላይ ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ምንድን ነው? የቤተ ክርስቲያኑ ጽድና ዝግባ። ዙሪያው እርሻ ነው። ነፋሱን የሚያበርድለት፣ መብረቁን የሚጋራው ጎረቤት ዛፍ የለውም።

እንግዲህ ወደ ችግኙ እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። እኔም ተክያለሁ፣ ፎቶዬም አለ። መትከልን አልቃወምም። ግን የልደቱን ቁጥር በቴሌቪዥን ስንሰማ፣ ሞቱን የሚነግረን የለም። በየዓመቱ ስንቱ ጸደቀ ብለን መጠየቅ እንኳ ጀምረናል፤ ደግ ነው። ስንት ሽማግሌ ዛፍ ሞተ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ካርቦኑ ያለው እሱ ዘንድ ነው። የዚያችን ዝግባ ክብደት ለመተካት ስንት ችግኝ ስንት ዓመት ቆሞ መኖር እንዳለበት አስቡት።

"ቆሞ መኖር" ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ አዊ ዞን፣ ወደ ፋግታ ለኮማ ብትሄዱ ምድሩ አረንጓዴ ነው። ዲከረንስ የሚሉት ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዓይነት ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፣ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፣ በአራተኛው በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። ዲከረንስን አልነቅፍም። አሲድ የበላውን መሬት አድኖለታል፣ ጎጆውን በቆርቆሮ ቀይሮለታል፣ የአገር በቀሉንም ዛፍ ከከሰል አትርፎ ይሆናል። ግን ከአየር የሳበው ካርቦን አምስት ዓመት ሳይሞላው አዲስ አበባ አንዱ ቤት ቡና ሲፈላበት ይወጣል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሽታ ገባበትና ብዙ ማሳ ቆሞ ደረቀ። አንድ ዓይነት፣ እኩያ ዛፍ ብቻ ያለበት መሬት ሞት ሲመጣበት እንዲህ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሄዳል። የቤተ ክርስቲያኑ ደን በአንጻሩ ዝግባ ሲታመም ወይራው አለ፣ ወይራው ሲወድቅ ጥቁር እንጨቱ አለ። ልጅ ካለው ነው ታዲያ።

ልጅ ያጣው በምን እንደሆነ ደግሞ ምስጢር አይደለም። ከዓባይ ማዶ፣ ደቡብ ጎንደር ባሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያደረጉት ጥናት ከብት በማይገባበት ቦታ ችግኝ በተሻለ እንደሚጸድቅ አሳይቷል። ከዚያም ገበሬው ከማሳው ድንጋይ እየለቀመ ደኑን በካብ ማጠር ጀመረ፤ ማሳው ይጸዳል፣ ደኑ ይታጠራል። እዚያ ሞጣ አካባቢ ግን በተዝካሩ ቀን ራሱ ሦስት በሬና ስፍር ቁጥር የሌለው በግ ከዝግባው ሥር ይግጥ ነበር። አንዱ በሬ የአጎቴ ነው።

እኔ የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። አጥሩ ይታጠር። የወደቀ ዛፍ ወደ ምድጃ ከመሄዱ በፊት ለበር፣ ለመስኮት፣ ለአግዳሚ የሚሆነው ይለይ፤ እሳት የገባ እንጨት ካርቦኑን በአንድ ቀን ይለቃል፣ የቤተ ልሔም በር የሆነ ግን መቶ ዓመት ይዞት ሊቆይ ይችላል። ከግንዱም ትንሽ እዚያው ይቅር፤ ለምስጡም ድርሻ አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይመዝገብ። በየዓመቱ መስከረም ላይ የአካባቢው ትምህርት ቤት ልጆች ሜትር ይዘው ቢመጡ፣ የትልልቆቹን ዛፎች ዙሪያ ቢለኩ፣ የወደቀውን ከነምክንያቱ ቢጽፉ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ስለ ጎጃም ደን ከማንኛውም ሪፖርት የተሻለ እናውቃለን። ነፋስ ነው? መብረቅ ነው? ድርቀት ነው? ወይስ እርጅና ብቻ?

ይህንኑ ለቄሰ ገበዙ ነገርኋቸው። ሰበካ ጉባኤው ሁሉን የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ ዕጣኑ፣ ጧፉ፣ ስእለቱ ሁሉ ይገባበታል። "ዝግባይቱንስ እዚሁ መዝገብ ላይ ብትጽፏት?" አልሁ።

"ተጽፋለች እኮ" አሉና ገጹን ገለጡልኝ። እውነትም አለች። "ከወደቀ ዝግባ ጣውላ ሽያጭ" ይላል፤ ከጎኑ ብሩ፤ ከላይ ገቢ።

"አባ፣ እኔ ያልሁት ገቢዋን አይደለም፤ መሞቷን ነው" አልኋቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። ገጹን ትንሽ አዩት። "እሺ ልጄ፣ ልጻፈው። ግን በየትኛው ዓምድ ነው? መዝገቡ ያለው ገቢና ወጪ ብቻ ነው።"